የተካተተ ክፍያ

የተካተተ ክፍያ አንድ ሶፍትዌር ወይም የኦንላይን ገበያ ተጠቃሚውን ወደ ባንክ ወይም ወደ ሌላ ድረ ገጽ ሳይልክ፣ ክፍያ የመቀበልንና ገንዘቡን ለሻጩ የማድረስን ሥራ በራሱ ውስጥ የሚያከናውንበት አሠራር ነው። ተሳፋሪ ከመኪናው ሲወርድ የታክሲው መተግበሪያ ሒሳቡን ከካርዱ ይቆርጣል። የእጅ ሥራ የሚሸጥበት ድረ ገጽ ከገዢው ተቀብሎ ድርሻውን ካስቀረ በኋላ ቀሪውን ለባለሙያው ያስተላልፋል። የምግብ ቤት ሶፍትዌር ትዕዛዝ ከመመዝገብ አልፎ ካርድ ይቀበላል። ሦስቱም የዚህ አሠራር ምሳሌዎች ናቸው።

ለተጠቃሚው የሚታየው አንድ ቁልፍ ብቻ ነው። ከቁልፉ በስተጀርባ ግን ቢያንስ ሦስት ወገኖች አሉ፦ ከፋዩ፣ ተቀባዩና በመካከላቸው ያለው ፕላትፎርም። በተለመደው ግብይት ገንዘብ ከገዢ እጅ በቀጥታ ወደ ሻጭ እጅ ይሻገራል። በተካተተ ክፍያ ግን ለሰዓታት፣ ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት በመካከል ይቆያል። በዚያ ጊዜ ገንዘቡ የማን ነው? ቢጠፋስ ማን ይተካዋል? ቴክኒኩም ሆነ ሕጉ በአብዛኛው የተዘረጋው ለእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች መልስ ለመስጠት ነው።

## ታሪክ

በዚህ ክፍልና ከዚህ በታች ባሉት ክፍሎች ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉት «ዓ.ም.» ተብለው ተለይተዋል።

ፒየር ኦሚድያር በ1995 የመሠረተውና በኋላ ኢቤይ የተባለው የጨረታ ድረ ገጽ ገዢንና ሻጭን ያገናኝ ነበር እንጂ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ገንዘብ አያስተላልፍም ነበር። ጨረታውን ያሸነፈው ሰው ቼክ ወይም የገንዘብ ማዘዣ በፖስታ ይልካል፤ ሻጩም ቼኩ እስኪጣራ ጠብቆ ዕቃውን ይልካል። በካርድ መቀበል የሚፈልግ ሻጭ ከባንክ ጋር የነጋዴ ውል መፈራረም ነበረበት። ባንኮች ደግሞ ይህን ውል የሚሰጡት ሱቅና የንግድ ታሪክ ላለው ነጋዴ ስለነበር፣ ከቤቱ ሆኖ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥ ግለሰብ ዕድሉ ጠባብ ነበር።

ይህን ክፍተት የሞላው ፔይፓል ነው። ድርጅቱ በ1998 ኮንፊኒቲ በሚል ስም ተመሥርቶ፣ በ2000 ከኢሎን መስክ ኤክስ ዶት ኮም ጋር ተዋሐደ። ከባንኮች ጋር ውል የነበረው ራሱ ፔይፓል ስለሆነ፣ ሻጮች በኢሜይል አድራሻቸው ተመዝግበው በእርሱ ጥላ ሥር ካርድ መቀበል ቻሉ። ኢቤይ ቢልፖይንት የተባለ የራሱ የክፍያ አገልግሎት ቢኖረውም ተጠቃሚዎቹ ፔይፓልን መረጡ። በመጨረሻም ኢቤይ በ2002 ፔይፓልን በ1.5 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። ሁለቱ ድርጅቶች በ2015 ተለያዩ፤ ኢቤይም ከ2018 ጀምሮ በሆላንዱ አድየን አማካይነት ክፍያን በራሱ ገጽ ውስጥ ወደ ማስተዳደር ዞረ።

በቻይና የተነሳው ችግር ሌላ ነበር። ታኦባኦ የተባለው ገበያ በ2003 ሲከፈት ገዢው «ከፍዬ ዕቃው ባይመጣስ?» ይላል፤ ሻጩ «ልኬ ገንዘቡ ባይመጣስ?» ይላል። በዚያው ዓመት የተጀመረው አሊፔይ ገንዘቡን ከገዢው ተቀብሎ በአደራ ይይዝና፣ ገዢው ዕቃውን መረከቡን ሲያረጋግጥ ለሻጩ ይለቅ ነበር። ፔይፓል የመክፈያ መንገድ ያጡትን ሲያገለግል፣ አሊፔይ በዋናነት መተማመን ያጡትን አገለገለ። የዛሬዎቹ ገበያዎች ሁለቱንም ሥራ አጣምረው ይሠራሉ።

ሦስተኛው እርምጃ የመጣው ከሶፍትዌር አልሚዎች በኩል ነው። ፓትሪክና ጆን ኮሊሰን የተባሉ አየርላንዳውያን ወንድማማቾች በ2010 ስትራይፕን መሠረቱ። ዓላማቸው አንድ አልሚ በጥቂት መስመር ኮድ ክፍያ መቀበል እንዲችል ማድረግ ነበር። ድርጅቱ በ2012 ኮኔክት የተባለውን አገልግሎት ሲያክል፣ ፕላትፎርሞች በራሳቸው ሥር ላሉ ብዙ ሻጮች ገንዘብ መቀበልና ማከፋፈል ቻሉ። የኦንላይን ሱቅ መክፈቻ ሶፍትዌር የሚያቀርበው የካናዳው ሾፒፋይ በ2013 ያስተዋወቀው ሾፒፋይ ፔይመንትስ የተገነባው በስትራይፕ ላይ ነው።

ከዚህ በኋላ የሶፍትዌር ድርጅቶች የገቢ ምንጭ ተለወጠ። ቀድሞ ወርኃዊ የአገልግሎት ኪራይ ብቻ ይሰበስቡ የነበሩት፣ በሥራቸው ከሚያልፈው እያንዳንዱ ክፍያ ጥቂት ማስቀረት ጀመሩ። ለምግብ ቤቶች ሶፍትዌር የሚያቀርበው የአሜሪካው ቶስት ከጠቅላላ ገቢው ትልቁን ድርሻ የሚያገኘው ከሶፍትዌሩ ኪራይ ሳይሆን ከክፍያና ከተያያዥ የገንዘብ አገልግሎቶች ነው።

## የክፍያው ጉዞ

አንድ የካርድ ክፍያ በፕላትፎርም ውስጥ ሲያልፍ በአብዛኛው አምስት ደረጃዎች አሉት።

1. ማረጋገጥ። ገዢው የካርዱን ቁጥር ያስገባል። ጥያቄው በክፍያ አቀናባሪው (ፕላትፎርሙን ከባንኮች ጋር በሚያገናኘው ድርጅት) በኩል ወደ ተቀባዩ ባንክ፣ ከዚያም በቪዛ ወይም በማስተርካርድ መረብ ወደ ካርድ ሰጪው ባንክ ይደርሳል። ካርድ ሰጪው ባንክ ይፈቅዳል ወይም ይከለክላል። ይህ በሰከንዶች ያልቃል፤ ገንዘቡ ግን ተያዘ እንጂ ገና አልተንቀሳቀሰም።
2. መሰብሰብ። ፕላትፎርሙ የተያዘው ገንዘብ እንዲከፈል ያዛል። ይህ ወዲያውኑ ወይም ዕቃው ሲላክ ሊሆን ይችላል።
3. ማወራረድ። ባንኮቹ በመረቡ በኩል ሒሳባቸውን ይተሳሰባሉ። ገንዘቡም ብዙ ጊዜ በጥቂት የሥራ ቀናት ውስጥ ወደ አቀናባሪው ሒሳብ ይገባል።
4. ማከፋፈል። ገንዘቡ በሻጩ፣ በፕላትፎርሙና በአቀናባሪው መካከል በተስማሙበት መጠን ይከፈላል።
5. ለሻጩ መላክ። የሻጩ ድርሻ ወደ ባንክ ሒሳቡ ይተላለፋል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንዲት ጌጣጌጥ ሠሪ በኦንላይን ገበያ የ100 ዶላር ሐብል ሸጠች። ገበያው ከመቶ 10 ኮሚሽን ያስቀራል። አቀናባሪው ከመቶ 2.9 እና 30 ሳንቲም ይወስዳል፤ ይህ ስትራይፕ በአሜሪካ ለኦንላይን የካርድ ክፍያ ያስተዋወቀው መደበኛ ዋጋ ነው። የአቀናባሪውን ዋጋ ገበያው ከኮሚሽኑ ላይ የሚሸፍን ከሆነ ክፍፍሉ እንዲህ ይሆናል፦

* ለጌጣጌጥ ሠሪዋ፦ 90 ዶላር
* ለአቀናባሪው፦ 3.20 ዶላር
* ለገበያው፦ 6.80 ዶላር

አሁን ገዢው ሐብሉ ተሰብሮ ደረሰኝ ብሎ ገንዘቡ እንዲመለስለት ጠየቀ እንበል። ገበያው 100 ዶላር መመለስ አለበት። አቀናባሪዎች በአብዛኛው ከሽያጩ ላይ የወሰዱትን ዋጋ አይመልሱም። ጌጣጌጥ ሠሪዋም 90 ዶላሩን አስቀድማ አውጥታ ከሆነና መልሳ ካልከፈለች፣ ገበያው ከራሱ ኪስ 93.20 ዶላር ያወጣል። ይህን ኪሳራ ለማካካስ 14 ያህል የተሳኩ ተመሳሳይ ሽያጮች ያስፈልጉታል። ክፍያን የሚያካትት ፕላትፎርም ከኮሚሽኑ ጋር የሻጮቹንም ዕዳ ሊሸከም ይችላል የሚባለው ለዚህ ነው።

### የሒሳብ መዝገቡ

በባንክ ውስጥ የብዙ ሻጮች ገንዘብ በአንድ ሒሳብ ተቀላቅሎ ሊቀመጥ ይችላል። የእያንዳንዱ ሻጭ ድርሻ ስንት እንደሆነ የሚያሳየው በሶፍትዌሩ ውስጥ ያለው የሒሳብ መዝገብ ነው። ስለዚህ መዝገቡ እንደ ማንኛውም የሒሳብ ሥራ እያንዳንዱን እንቅስቃሴ በገቢና በወጪ በኩል ሁለት ጊዜ ይመዘግባል። የተመዘገበ ነገር አይሰረዝም፤ ስህተት የሚታረመው ሌላ ማስተካከያ በመመዝገብ ነው። የመዝገቡ ድምር በባንክ ካለው ገንዘብ ጋር በየቀኑ ይመሳከራል። ይህ ማመሳከር ከተቋረጠ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ማወቅ እየከበደ ይሄዳል።

ሌላው የተለመደ ችግር የኔትወርክ መቆራረጥ ነው። ገዢው «ክፈል» የሚለውን ተጭኖ መልስ ሲዘገይበት ደግሞ ይጫናል። ሁለት ጊዜ እንዳይቆረጥበት ፕላትፎርሙ ለእያንዳንዱ የክፍያ ጥያቄ የተለየ መለያ ቁጥር ይሰጣል። አቀናባሪው ያንኑ መለያ ደግሞ ሲያይ አዲስ ክፍያ አይፈጽምም፤ የመጀመሪያውን ውጤት ብቻ ይመልሳል።

### የካርድ መረጃ ጥበቃ

የካርድ ቁጥር የሚያስቀምጥ ወይም የሚያስተላልፍ ማንኛውም ድርጅት የካርድ ኩባንያዎች ያወጡትን ፒሲአይ ዲኤስኤስ የተባለ የደኅንነት መስፈርት ማክበር ይጠበቅበታል። የመጀመሪያው ቅጂ የወጣው በ2004 ነው። አብዛኞቹ ፕላትፎርሞች ከዚህ ሸክም ብዙውን የሚያቃልሉት ቁጥሩን ፈጽሞ ባለመንካት ነው። ገዢው ቁጥሩን የሚጽፍበት ሳጥን በፕላትፎርሙ ገጽ ላይ ቢታይም ባለቤቱ አቀናባሪው ነው። ፕላትፎርሙ የሚደርሰው ቶክን የሚባል ምትክ መለያ ሲሆን፣ ቢሰረቅም ሌላ ቦታ ክፍያ ለመፈጸም አያገለግልም።

## የአሠራር ዓይነቶች

ፕላትፎርሞች ክፍያን የሚያካትቱባቸው መንገዶች በዋናነት አራት ናቸው። ልዩነታቸው ውሉ ከማን ጋር እንደሆነና ኃላፊነቱ በማን ላይ እንደሚወድቅ ነው።

ማገናኘት ብቻ። ፕላትፎርሙ ሻጩን ወደ አንድ የክፍያ ድርጅት ይመራዋል፤ ሻጩም በራሱ ስም ውል ይፈራረማል። ፕላትፎርሙ የማገናኛ ድርሻ ቢያገኝም ገንዘቡ በእጁ አያልፍም። ኃላፊነቱ አነስተኛ ነው፤ ገቢውና ሻጩ የሚያየውን ነገር የመቆጣጠር አቅሙም አነስተኛ ነው።

ንዑስ ሒሳብ። አቀናባሪው ለእያንዳንዱ ሻጭ በፕላትፎርሙ ሥር ንዑስ ሒሳብ ይከፍታል። ገንዘቡን የሚይዘውና ፈቃድ ያለው አቀናባሪው ሲሆን፣ ፕላትፎርሙ ክፍፍሉን ያዛል። አዲስ ፕላትፎርሞች ብዙውን ጊዜ የሚጀምሩት በዚህ ነው። ሆኖም ንዑስ ሒሳቡ ከዜሮ በታች ሲወርድ ጉድለቱን የሚሞላው ማን እንደሆነ ውሉ ውስጥ ይጻፋል፤ በብዙ ውሎችም የሚሞላው ፕላትፎርሙ ነው።

የክፍያ አመቻች መሆን። ፕላትፎርሙ ራሱ ከተቀባይ ባንክ ጋር ይዋዋልና በካርድ መረቦቹ ይመዘገባል፤ ሻጮቹም የእርሱ ንዑስ ነጋዴዎች ይሆናሉ። ከእያንዳንዱ ክፍያ የሚያገኘው ድርሻ ይጨምራል። በአንጻሩ ሻጭ የመመርመር፣ ማጭበርበርን የመከታተልና ኪሳራ የመሸፈን ሥራ ሁሉ የእርሱ ይሆናል። ስለዚህ በአብዛኛው የሚያዋጣው ከፍተኛ ገንዘብ ለሚያንቀሳቅሱ ነው።

በሰነድ ራሱ ሻጭ መሆን። ገዢው በሕግ ፊት የሚገዛው ከፕላትፎርሙ ነው፤ ፕላትፎርሙ ደግሞ ከአምራቹ ይገዛል። የሽያጭ ታክስ መሰብሰብም፣ ተመላሽም፣ ክርክርም የፕላትፎርሙ ናቸው። የለንደኑ ፓድል ለሶፍትዌር አምራቾች የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው።

## ሻጭን መመዝገብ

ፕላትፎርም ለማያውቀው ሰው ገንዘብ ከማስተላለፉ በፊት ማንነቱን ማረጋገጥ አለበት። ምክንያቱ በወንጀል የተገኘ ገንዘብን ሕጋዊ አስመስሎ ማቅረብን የሚከለክሉ ሕጎች ናቸው። አንድ ሰው በተሰረቀ ካርድ ከራሱ ሱቅ «ቢገዛ»፣ ክፍያው ለፕላትፎርሙ ተራ ሽያጭ ሊመስለው ይችላል።

ስለዚህ ከግለሰብ ሻጭ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ አድራሻና መታወቂያ ይጠየቃል። ድርጅት ከሆነ የምዝገባ ሰነድና የባለቤቶቹ ማንነት ይታከላል። ለምሳሌ በአሜሪካ ከ2018 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው ደንብ መሠረት ባንኮች ከድርጅቱ 25 ከመቶና ከዚያ በላይ የያዙትን ሰዎች ይለያሉ። ስሞቹም ማዕቀብ ከተጣለባቸው ሰዎች ዝርዝር ጋር ይመሳከራሉ።

ምርመራው በበዛ ቁጥር አንዳንድ ሐቀኛ ሻጮች ሳይጨርሱ ይሄዳሉ፤ በሳሳ ቁጥር አጭበርባሪ ይገባል። ብዙ ፕላትፎርሞች መካከለኛ መንገድ ይይዛሉ፦ መጀመሪያ በጥቂት መረጃ መሸጥ ይፈቅዳሉ፣ ገንዘብ ከመላካቸው በፊት ወይም ሽያጩ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ቀሪውን ይጠይቃሉ።

ስህተት ሲፈጠር የሚጎዳው ፕላትፎርሙ ብቻ አይደለም። ማስተርካርድ ውላቸው በማጭበርበር ወይም በደንብ ጥሰት የተቋረጠ ነጋዴዎችን ማች በተባለ ዝርዝር ይይዛል፤ የተመዘገበ ስም በዝርዝሩ ላይ አምስት ዓመት ይቆያል። ሌሎች ባንኮችና አመቻቾች አዲስ ነጋዴ ከመቀበላቸው በፊት ይህን ዝርዝር ስለሚያዩ፣ በስህተት የገባ ሰው እንኳ ካርድ መቀበል ሊቸግረው ይችላል።

## ተመላሽ፣ ክርክርና ገንዘብ ማቆየት

ተመላሽ ሻጩ ወይም ፕላትፎርሙ ፈቅዶ ገንዘብ ሲመልስ ነው። ቻርጅባክ ግን ከዚህ ይለያል። ካርዱ ያለው ሰው «ይህን ክፍያ አልፈጸምኩም» ወይም «ዕቃው አልደረሰኝም» ብሎ ለባንኩ ሲያመለክት፣ ባንኩ በካርድ መረቡ ደንብ መሠረት ገንዘቡን ከተቀባዩ ወገን መልሶ ይወስዳል። በአሜሪካ የደንበኛው መብት መሠረት ያለው በ1974 በወጣ የብድር ሒሳብ ሕግ ላይ ነው። የካርድ መረቦች ለብዙ ዓይነት ክርክሮች እስከ 120 ቀናት ይሰጣሉ። ፕላትፎርሙ እንደ መላኪያ ደረሰኝና ከገዢው ጋር የተደረገ የመልእክት ልውውጥ ያሉ ማስረጃዎችን አቅርቦ ሊከራከር ይችላል፤ ከተሸነፈ ገንዘቡም የክርክሩ ወጪም ይቀርበታል።

ሻጩ ገንዘቡን በሁለት ቀን ማግኘት ይፈልጋል፤ ክርክሩ ግን ከአራት ወር በኋላ ሊመጣ ይችላል። በዚህ መካከል ያለውን አደጋ ለመቀነስ ፕላትፎርሞች ሁለት ዘዴዎችን ይጠቀማሉ። የመጀመሪያው ገንዘቡን አገልግሎቱ እስኪፈጸም ማቆየት ነው። ኤርቢኤንቢ ለቤት አከራዩ ገንዘቡን የሚለቀው በአብዛኛው እንግዳው ይገባል ከተባለበት ሰዓት 24 ሰዓት ያህል ቆይቶ ነው። ሁለተኛው ከእያንዳንዱ ሽያጭ ጥቂት ከመቶ እያስቀሩ ለተወሰነ ጊዜ በመጠባበቂያነት መያዝ ነው።

ሁለቱም ገዢን ይጠብቃሉ፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን ሻጩ ነው። ጥሬ ዕቃ በዱቤ የገዛ ትንሽ ነጋዴ ገንዘቡ ለሳምንታት ከተያዘበት፣ ሽያጩ እየጨመረ እንኳ የሚሠራበት ገንዘብ ሊያጣ ይችላል። በተለይ ሽያጭ በድንገት ሲያድግ የማጭበርበር መከታተያው ሥርዓት እንደ አጠራጣሪ ምልክት ሊያየው ስለሚችል፣ ገንዘቡ የሚያዘው ነጋዴው አብዝቶ በሚፈልገው ጊዜ ይሆናል። ገንዘብ የሚያዝበት ምክንያትና የሚለቀቅበት ቀን አስቀድሞ በግልጽ መጻፉ ለሻጮች ከኮሚሽኑ መጠን ያላነሰ ጉዳይ ነው።

## ሕግና ቁጥጥር

ለሌላ ሰው ገንዘብ መቀበልና ማስተላለፍ በብዙ አገሮች ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ነው። በአሜሪካ ፈቃዱን የሚሰጡት ክፍላተ ግዛቶቹ ሲሆኑ፣ ከሞንታና በቀር ሁሉም የገንዘብ አስተላላፊዎች ሕግ አላቸው። ብዙዎቹ ክፍላተ ግዛቶች «የተቀባዩ ወኪል» ለሆነ ድርጅት ነጻነት ይሰጣሉ። በዚህ አስተሳሰብ ገዢው ለፕላትፎርሙ ሲከፍል ለሻጩ እንደከፈለ ይቆጠራል፤ ፕላትፎርሙ ገንዘቡን ለሻጩ ሳያስተላልፍ ቢከስር ገዢው ሁለተኛ እንዲከፍል አይጠየቅም። ጉዳቱ የሚወድቀው በሻጩ ላይ ነው።

በአውሮፓ ኅብረት የ2007ቱ የክፍያ አገልግሎቶች መመሪያ ለንግድ ወኪሎች ተመሳሳይ ነጻነት ይሰጥ ነበር፤ ብዙ ገበያዎችም በእርሱ ሲጠቀሙ ቆዩ። ከጥር 2018 ጀምሮ የሚሠራው ሁለተኛው መመሪያ ግን ነጻነቱን ለገዢው ብቻ ወይም ለሻጩ ብቻ ለሚሠራ ወኪል ወሰነው። ለሁለቱም ወገን የሚሠራ ገበያ የሌሎችን ገንዘብ የሚይዝ ከሆነ ፈቃድ ማውጣት ወይም ፈቃድ ካለው ድርጅት ጋር መሥራት ግድ ሆነበት።

የሕንድ ማዕከላዊ ባንክ በመጋቢት 2020 ባወጣው መመሪያ ለነጋዴዎች ክፍያ የሚሰበስቡ ድርጅቶች ፈቃድ እንዲያወጡና የተሰበሰበውን ገንዘብ በባንክ በአደራ ሒሳብ እንዲያስቀምጡ አዘዘ። የኦንላይን ገበያዎችም ይህን ሥራ መቀጠል ከፈለጉ ከገበያው ሥራ እንዲለዩት ጠየቀ።

ፕላትፎርሞች ለግብር ሰብሳቢዎችም የመረጃ ምንጭ ሆነዋል። በአውሮፓ ኅብረት ከ2023 ጀምሮ ፕላትፎርሞች የሻጮቻቸውን ገቢ ለግብር ባለሥልጣናት ያሳውቃሉ፤ በዓመት ከ30 ያነሰ ሽያጭና ከ2,000 ዩሮ ያልበለጠ ገቢ ያለው ዕቃ ሻጭ ከዚህ ነጻ ነው።

## የደረሱ ችግሮች

በመካከል ያለ ገንዘብ ምን ሊደርስበት እንደሚችል ሁለት የቅርብ ጊዜ ክስተቶች ያሳያሉ።

መጋቢት 10 ቀን 2023 የካሊፎርኒያው ሲሊከን ቫሊ ባንክ ተዘጋ። የእጅ ሥራ ገበያው ኤትሲ ለአንዳንድ ሻጮቹ ገንዘብ የሚልከው በዚህ ባንክ በኩል ስለነበር ክፍያቸው ዘገየ። ሻጮቹ ከባንኩ ጋር ምንም ውል አልነበራቸውም። የአሜሪካ መንግሥት ከሁለት ቀን በኋላ የባንኩ አስቀማጮች ገንዘብ ሙሉ በሙሉ እንደሚጠበቅ ሲያስታውቅ ችግሩ በቀናት ውስጥ ተፈታ።

የሁለተኛው ፍጻሜ እንዲህ ፈጣን አልነበረም። ሲናፕስ በገንዘብ መተግበሪያዎችና በባንኮች መካከል ሆኖ መዝገብ የሚይዝ የአሜሪካ የሶፍትዌር ድርጅት ነበር። በሚያዝያ 2024 የኪሳራ ጥበቃ ሲጠይቅ፣ የእርሱ መዝገብና የባንኮቹ መዝገብ አልተጣጣሙም። ከ100,000 በላይ ሰዎች ገንዘባቸውን ማውጣት አልቻሉም። ፍርድ ቤቱ የሾማቸው ባለአደራ ጉድለቱን ከ65 እስከ 96 ሚሊዮን ዶላር ገመቱት። ብዙ ተጠቃሚዎች ገንዘባቸው የመንግሥት የተቀማጭ ዋስትና እንዳለው ያምኑ ነበር። ዋስትናው የሚሠራው ግን ባንክ ሲከስር ነው፤ እዚህ የከሰረው ባንኩ ሳይሆን በመካከል ያለው መዝገብ ያዥ ነበር።

## በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ የዘርፉ መነሻ ሕግ የብሔራዊ ክፍያ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 718/2003 ሲሆን፣ በአዋጅ ቁጥር 1282/2015 ተሻሽሏል። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ነው። ባንኩ በ2012 ዓ.ም. ባወጣቸው መመሪያዎች ባንክ ያልሆኑ ድርጅቶች በሁለት መንገድ ወደ ዘርፉ እንዲገቡ ፈቀደ፦ እንደ ሞባይል ገንዘብ ያለ የክፍያ መሣሪያ በማውጣት፣ ወይም ክፍያን የሚያስተላልፍ ሥርዓት በማንቀሳቀስ። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ደግሞ ለኦንላይን ንግድ ሕጋዊ መሠረት ሰጥቷል።

ኢትዮ ቴሌኮም ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ቴሌብርን ጀመረ። የሳፋሪኮም ኤም-ፔሳም በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ሥራ ጀመረ። ቻፓን የመሳሰሉ የክፍያ መግቢያ ድርጅቶች አንድ ድረ ገጽ ከባንኮችና ከሞባይል ገንዘብ በአንድ ግንኙነት እንዲቀበል ያስችላሉ። ስትራይፕ በኢትዮጵያ ለተመዘገቡ ድርጅቶች ሒሳብ ስለማይከፍት፣ የአገር ውስጥ ፕላትፎርሞች ዋና አማራጭ እነዚህ ናቸው።

ይሁን እንጂ ብዙው የኦንላይን ሽያጭ የሚካሄደው ክፍያ ባልተካተተባቸው መድረኮች ነው። በቴሌግራም ቻናል ዕቃ ያየ ገዢ በሞባይል ባንኪንግ ወደ ሻጩ ሒሳብ ያስተላልፍና የማረጋገጫውን ስክሪንሹት ይልካል፤ ወይም ዕቃውን ሲረከብ በጥሬ ገንዘብ ይከፍላል። በመጀመሪያው መንገድ አደጋው የገዢው ነው፤ ስክሪንሹቱ ሐሰተኛ ከሆነ ደግሞ የሻጩ። በሁለተኛው መንገድ ገዢው አልፈልግም ካለ የመላኪያው ወጪ በሻጩ ላይ ይቀራል። በሁለቱም ገንዘቡን በአደራ ይዞ የሚዳኝ ሦስተኛ ወገን የለም።

የታክሲ ጥሪ አገልግሎቶች ሌላ መፍትሔ አላቸው። ተሳፋሪው ብዙ ጊዜ ለሹፌሩ በቀጥታ ይከፍላል፤ ድርጅቱም ኮሚሽኑን ሹፌሩ አስቀድሞ ከሞላው ሒሳብ ይቆርጣል። ከኦንላይን ገበያው ጋር ሲነጻጸር የገንዘቡ አቅጣጫ ተገላብጧል፦ ድርጅቱ የሹፌሩን ገቢ አይይዝም፣ ሹፌሩ ግን ሥራ ከመጀመሩ በፊት ገንዘቡን በድርጅቱ ዘንድ ያስቀምጣል። ሒሳቡ ባዶ ከሆነ ጥሪ አይደርሰውም። ድርጅቱ ቢዘጋ የሹፌሩ ቀሪ ሒሳብ ማን እጅ ይሆናል የሚለው ጥያቄም በዚህ አሠራር ውስጥ እንዳለ ይቆያል።